ዳልቻን ማን አከሳው?

የልጅ ልጄ መቅደስ ኮምፒውተር ተምራ ከጨረሰች ወዲህ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ጨዋታ ትሠራለች። የሕፃን ጨዋታ አይደለም። ጥቁር ሰማይ አለ፣ ከዋክብት ተዘርተውበታል። ተጫዋቹ ከአንዲት ኮከብ ተነሥቶ መርከብ እየላከ ሌላውን ኮከብ ይይዛል። የያዘው ኮከብ እህልና ብረት ያወጣለታል፤ በዚያ ደግሞ ሌላ መርከብ ይሠራል። እኔ ጎንደር ልጄ ቤት ከገባሁ ወዲህ ቀኑን ሙሉ የምቀመጥ ሽማግሌ ነኝና አጠገቧ ሆኜ አያለሁ። በኮከብ ላይ እህል ይበቅላል ብዬ አላምንም። ግን አያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጉንጯን በእጇ ደግፋ አገኘኋት።

"ምነው ልጄ?" አልኋት።

"አልመጣጠን አለኝ አባዬ። ቶሎ ቶሎ ኮከብ የሚይዝ ሰው ሁልጊዜ ያሸንፋል። ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያለማው ሁልጊዜ ይሸነፋል። ብዬ ብዬ መርከቡን አስወደድሁት። አሁን ደግሞ ማንም ከቤቱ አይወጣም።"

"ታዲያ ከኔ ምን ፈለግሽ?"

"ተጫወትልኝ። ጓደኞቼ ይራሩልኛል። አንተ ማንንም አታምንም።"

ስድብ ይሁን ምስጋና ሳልለይ ተቀመጥሁ። እሷ አሠራሩን አሳየችኝ፤ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ጽሑፉን አንድ በአንድ እያነበብሁ ነው የሄድሁ። ሆኖም እጄ ቸኩሎ ዘጠኝ ኮከብ ያዝሁ። ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሁሉ ቀላ። መርከቦቼ መሃል መንገድ ላይ ቆሙ፤ ጎተራዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተራቆተ።

"ይኼ ማሽን ይሰርቃል" አልኋት።

"ማንም አልሰረቀህም አባዬ። የያዝኻቸው ሁሉ የተራራቁ ናቸው። መንገዱ ነው የበላብህ።"

ተናድጄ ተነሣሁ። በረንዳ ላይ ወጥቼ ብቻዬን ስቀመጥ ግን ነገሩ ጎትቶ ጎትቶ ጃናሞራ ወሰደኝ።

ያደግሁት ከመካነ ብርሃን ወዲያ፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለች መንደር ነው። አፈሩ ጥቁር፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር፣ እህሉ ገብስና ባቄላ። አባቴ ሲሞት እናቴን፣ ታናሽ እህቴን፣ አንዲት የጓሮ ማሳና አንድ በሬ ተወልኝ። በሬው ዳልቻ ይባላል።

አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ስለዚህ በኛ አገር መቀናጆ አለ። አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ያጣምዳል፤ አንድ ቀን ለሱ፣ አንድ ቀን ለኔ። ባለተራው ቀትር ላይ ሁለቱንም ያበላል፣ ሲመሽ በሬዎቹ ወደየጌታቸው ቤት ይገባሉ። ውል የለው፣ ጣት የሚያርፍበት ወረቀት የለው። የሚቆመው በመተማመን ነው። መተማመን ደግሞ ከናቴ ሆድ ስወጣ ይዤው አልወጣሁም።

የኔ ቀናጅ አያ ተገኘ ነበር። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ዝምተኛ ነው፣ ሲናገርም እንደ ዘር እህል ቆጥቦ ነው። በሬው ቡሬ ይባላል። ሁለት ዓመት ያለ ክፉ ቃል አረስን።

በሦስተኛው ዓመት ዝናቡ ቶሎ ጣለና ልቤ ሰፋ። ምነው በአንዲት ማሳ እታሰራለሁ አልሁ። አክስቴ ገደሉ ሥር ቆላው ላይ ትኖራለች፤ ባሏ ታሞ ስለተኛ ማሳዋን አርሼ እህሉን እኩል እንካፈል ብዬ ለመንኋት፣ ሰጠችኝ። ከቄሱ ደግሞ ተራራው ጫፍ ላይ ያለችውን ቁራሽ መሬት ተቀበልሁ። ወዲያው መንደሩ "ባለ ሦስት ማሳው" ይለኝ ጀመር። እውነቱን ልናገር፣ ከእህሉ ይልቅ ስሙን ወደድሁት።

የገደሉን መንገድ ያየ ያውቀዋል። ገና ጎህ ሳይቀድ ሞፈር ተሸክሜ፣ ሁለቱን በሬ እየነዳሁ እወርዳለሁ። ላይ ጅብራው፣ ያ ሰው የሚያህለው የደጋ ተክል፣ በውርጭ ነጥቷል፤ ታች ስንደርስ ወይራው ይሸታል፣ ፀሐዩ ጀርባ ይልጣል። ድንጋዩ እንደ ደረጃ ነው፤ በሬ ደግሞ ለደረጃ አልተፈጠረም፣ እግሩን እየፈራ ነው የሚያስቀምጥ። ከቀይ አፈሩ ማሳ ስደርስ ሌላው ሰው ግማሽ ጥማድ አርሷል። ጥቂት ትልም አውጥቼ፣ ከወንዙ ዳር በሶዬን በጥብጬ ጠጥቼ፣ ሳይመሽብኝ ደግሞ ዳገቱን። አሁን ሳስበው ማሳውን ሳይሆን መንገዱን ነው ያረስነው። ያኔ ግን ጉብዝና ይመስለኝ ነበር።

ግንቦት ሲያልቅ ዳልቻ ከሳ። የጎን አጥንቱ ይቆጠራል፣ ቀንበሩ የሚያርፍበት ቦታ ተላጠ። ይኼኔ ሌላ ሰው ቢሆን ራሱን ይመረምር ነበር። እኔ አያ ተገኘን መመርመር ጀመርሁ። በተራው ቀን በሬዬን ለሌላ ሰው ያውሰዋል አልሁ። ቡሬም አብሮ ሲከሳ ባይ፣ ይብሱን ሁለቱንም ነው የሚያውሳቸው አልሁ።

አንድ ቀን የተራራዋን ማሳ ድንጋይ መልቀም ሲገባኝ ትቼ፣ ከጅብራ ጀርባ ተጋድሜ ስጠብቀው ዋልሁ። አያ ተገኘ እንደ ወትሮው አረሰ። ቀትር ላይ ፈታቸው። ተሸክሞት የመጣውን የባቄላ ገለባ ለዳልቻ አስቀድሞ ሰጠ፣ ቁስሉን በቅቤ ቀባው፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ቆሎውን በላ። ሌላ ምንም የለም። እኔ ግን እየተሳብሁ ስመለስ ምን ብዬ አሰብሁ? አይቶኛል አልሁ። ሰው የሚያየው ካልመሰለው በቀር ለሰው በሬ እንዲህ አይራራም።

ከዚያ የአያ ተገኘ አማች ማሳ ሐሙስ ዕለት ታርሶ አየሁ። የአማቹ በሬ አንካሳ ነው። ነገሩ አለቀልኝ።

የመድኃኔዓለም ማኅበር ዕለት፣ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተሰብስቦ ጠላ ሲጠጣ፣ ተነሥቼ ቆምሁ።

"አያ ተገኘ፣ በሬዬን ለማን ነው የምታውሰው?"

ዋንጫውን አስቀመጠ። "ዘውዱ፣ ጠላው ነው የሚናገር ወይስ አንተ?"

ሰው ሳቀ። እኔ ባሰብኝ። "እኔ ነኝ። ሐሙስ ለት የአማችህን ማሳ ያረሰው ማን ነው?"

"የቄሱ በሬዎች ናቸው። ቄሱም እዚህ ተቀምጠዋል፣ ጠይቃቸው።"

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔ ነኝ ያዋስሁት ልጄ" አሉ።

"ታዲያ ዳልቻ ምነው ከሳ?"

"የኔም ቡሬ ከስቷል። እኔስ ማንን ልጠይቅ?" አለና ተነሥቶ ወጣ። ዳልቻ ከደጅ ሜዳው ላይ ይግጥ ነበር። እየጎተተ አመጣው፣ የፊት እግሩን አነሣና ሰኮናውን ለሰው አሳየ። በሰኮናው ስንጥቅ ውስጥ ቀይ አፈር ደርቆ እንደ ጡብ ተጠቅጥቋል። "የኔ ማሳ ጥቁር ነው። የአማቼም ጥቁር ነው። ይኼ የገደሉ አፈር ነው። ሳየው ከርሜ ዝም ያልሁህ አባት የለህም ብዬ ነው።"

ከኋላ አንዱ "ሌባው ተያዘ ጎበዝ! እርፉን የጨበጠው ራሱ ኖሯል!" ሲል ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

እዚህ ላይ ቁጭ ብል፣ ወይም "አጥፍቻለሁ" ብል፣ ነገሩ በአንድ ዋንጫ ጠላ ያልቅ ነበር። እኔ ምን አልሁ?

"አፈር እኮ ይለጠፋል።"

ሳቁ ቆመ። አያ ተገኘ ትክ ብሎ አየኝና የዳልቻን እግር ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠው። "እንዲህ ካልህስ በቃ። ቡሬን ፈትቻለሁ" አለ።

ሰኔ ነው እንግዲህ። ዝናቡ ይወርዳል፣ መሬቱ ዘር ይጠይቃል፣ እኔ ሦስት ማሳና አንድ በሬ ይዤ ቀረሁ። ያን ጊዜ አንድ በሬ ያለው ሰው አብዛኛው ተቀናጅቶ ጨርሷል፤ የቀረውም እኔን ሸሸ።

እናቴ "ሂድና እግሩ ላይ ውደቅ" አለችኝ።

"አልወድቅም።"

"ምን እንበላለን ታዲያ?"

"ዶማ አለ።"

ከእህቴ ጋር የጓሮዋን ማሳ በዶማ ቆፈርን። መዳፋችን ተላጠ። ወቅቱ ሲያልፍ ግማሿን ብቻ ዘርተናል። የተራራዋ ጦም አደረች። ስለ ገደሉ ማሳ አክስቴ መልእክት ላከች፦ "መሬቴ ጦም ከሚያድር፣ አያ ተገኘ ሌላ ቀናጅ አግኝቷልና ለሱ ሰጥቼዋለሁ።"

ይኼን ስሰማ ሁሉም ነገር ብርሃን ሆነልኝ። ለካ ቡሬን የፈታው ማሳዬን ሊወስድ ነው! በሰው ፊት ያዋረደኝ ለዚህ ነው! ከዚያ ወዲያ ሃምሳ ዓመት ያህል አያ ተገኘን በሩቁ ራሴን ዝቅ አድርጌ ሰላም ከማለት በቀር ቃል አልተነፈስሁለትም።

ማታ እራት ላይ ይኼን ሁሉ ለመቅደስ ነገርኋት። የነገርኋት ሰው እንደማይታመን እንድታውቅ ነበር። እሷ ግን እርሳስ ይዛ እየጻፈች ሰማችኝ። ስጨርስ ስለ አያ ተገኘ ክፋት አንድም ቃል አልወጣትም።

"አባዬ፣ የዘራችኋት ግማሿ ማሳ ስንት ወር አበላቻችሁ?"

"ቢበዛ እስከ መጋቢት።"

"ከመጋቢት እስከሚቀጥለው ኅዳርስ ምን በላችሁ?"

"ምን አውቃለሁ፣ በላን።"

"ሦስት ሰው ይበላል፣ ከየትም የሚገባ እህል የለም። በኔ ጨዋታ ቢሆን ሞታችኋል።"

"አልሞትንም። ይኸው ተቀምጫለሁ።"

"እሱን ነው የምልህ። ያልነገርኸኝ እህል አለ።"

ሌባ ያለችኝ መስሎኝ ተቆጣሁ። ወደ መኝታዬ ገብቼ ጋደም ስል ግን እህሉ ያለቀበት ያ ክረምት ተራ በተራ መጣብኝ። እናቴ "ወንድሜ ጋ ደርሼ ልምጣ" እያለች አህያዋን ባዶ ነድታ ትሄድና ጭና ትመለስ ነበር። እኛም ያን ክረምት የጤፍ እንጀራ በላን። የኛ አገር ብርድ ነው፣ ጤፍ አያበቅልም። የአጎቴም መሬት ከኛ ይብስ ደጋ ነው። ጤፍ የሚበቅለው ገደሉ ሥር ነበር፤ በዚያ ዓመት እዚያ ያለውን የአክስቴን ማሳ የዘራው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ከጅብራ ጀርባ የተጋደምሁ፣ የሰኮና አፈር ሳይቀር ተለጠፈ ያልሁ ሰውዬ፣ ያን እንጀራ ከየት መጣ ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅሁም። ስለሚጣፍጥ ይሆናል።

መቅደስ ጨዋታዋን ቀየረችው። አሁን መርከቡ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በራቀ ቁጥር በመንገድ ላይ ያረጃል፣ የሩቁ ኮከብ ወሬም ዘግይቶ ነው የሚደርስ። ጓደኞቿን አስቀምጣ አጫወተቻቸው። ሦስት አራት ኮከብ ይዘው አጠገባቸውን ያለሙት በረቱ። ብዙ የያዙት ማንም ሳይነካቸው እየመነመኑ "አንተ ነህ የሰረቅኸኝ፣ አንቺ ነሽ" ይባባላሉ። እሷ "ሸጋ ሆነ!" እያለች ታጨበጭባለች። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም።

እናቴም እህቴም አርፈዋል፤ የሚጠየቅ የቀረው አንድ ሰው ነው። መቅደስ የአያ ተገኘን ልጅ ስልክ ከዘመድ ዘመድ አፈላልጋ አገኘችልኝ። ትናንት ከቀትር በኋላ ደወልን። ጆሮው ደክሟል፤ ጮኼ ነው የማወራ።

"አያ ተገኘ፣ ዘውዱ ነኝ!"

"የትኛው ዘውዱ?"

"ባለ ዳልቻው!"

"አለህ እንዴ?" አለ።

"አለሁ። በሬዎቹን ያከሳኋቸው እኔ ነኝ።"

"እሱንማ አውቃለሁ።"

"ያን ዓመት ለናቴ ጤፍ የሰጠሃት አንተ ነህ?"

"የምን ጤፍ?"

"የአክስቴን ማሳ ጤፍ!"

"እኔ እንጃ። ስንት ዘመን ያለፈውን። ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል ጎንደር?"

"ቡሬንስ የፈታኸው ማሳውን ፈልገህ ነው?"

"አየ ዘውዱ" አለ፤ ሳቁን ሳል አቋረጠው። "ዛሬም ሰው ትመረምራለህ?" ስልኩን ለልጁ መለሰለት።

እኔም እዚህ ተቀምጬ ነገሩን አገላብጣለሁ። የማያስታውስ ሰው እንዲያ አይስቅም። ሃምሳ ዓመት በክፉ ጠረጠርሁት፤ ከትናንት ጀምሮ ደግሞ በደግ እጠረጥረዋለሁ። ሰውዬው አንዱንም አላመነልኝም።