የላፕቶፑ ሹራብ

ከኮምቦልቻ በወጣሁበት ሌሊት ቤታችን ውስጥ የተኛ ሰው አልነበረም። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ጎህ ሳይቀድ ስለሚነሳ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች አብረውን አምሽተው ጸለዩልኝ። አሜን ስንል ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ያስተጋባ ነበር። እናቴ ጥግ ተቀምጣ አሜን እያለች ሹራብ ትሠራለች። ሹራብ መሥራት እንጀራዋ ነውና ልብ አላልኩትም። ጨርሳ ስትዘረጋው ግን እጅጌም አንገትም የለው፤ እንደ ትራስ ልብስ ያለ ቀይ ነገር ነው። አጎቴ የገዛልኝን ያገለገለ ላፕቶፕ አንስታ አለበሰችውና ጠርዙን ጎተት ጎተት አድርጋ አስተካከለች።

«አገሩ ብርድ ነው ብለውኛል። ዕቃም ይበርደዋል» አለች።

እኔ የቆላ ልጅ ነኝ። ብርድ ማለት ለእኔ ቦሩ ሜዳ አክስቴ ቤት ማደር ነበር። ለትምህርት ቱርክ አገር ኮንያ ስደርስ ግን የቦሩ ሜዳ ብርድ ዘመድ መሰለኝ፤ እሱ ቢያንስ ረፋድ ላይ ይለቃል። ከተማው ሜዳ ላይ ነው፤ ቀና ስትሉ ከኮምቦልቻ በላይ እንዳለው እንደ የጎፍ ያለ ተራራ አታገኙም። ዳቦውን ኤክሜክ ይሉታል፤ ከምስር ሾርባ ጋር ይበላል። ምስሩ የእኛው ምስር ነው፣ በርበሬው ግን መንገድ ላይ የቀረ ይመስላል። ሻይ ተጋብዞ እምቢ ማለት ነውር ነው፤ በዚህ ከወሎ ሰው ጋር ይስማማሉ።

ከእኔ በኋላ ለምትመጡ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። የመኖሪያ ፈቃዱ ኢካመት ይባላል፤ ያለ እሱ ትምህርት ቤቱም አያስቀምጣችሁም። ኢካመት ለማግኘት ደግሞ አከራያችሁ ቤታቸው እንደምትኖሩ መፈረም አለባቸው። እኔ ይህን ሳላውቅ ወደ ኢካመቱ ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ውስጥ ያሉት ሰውዬ ወረቀቴን አገላብጠው አዩና እዚህ ከተማ አትኖርም አሉኝ።

«ይኸው ፊትዎ ቆሜያለሁ» አልኩ በተማርኳት ቱርክኛ።

«እኔማ አየሁህ። ያላየህ ኮምፒውተሩ ነው» አሉና ቀጣዩን ሰው ጠሩ።

አከራዬ ነርሚን ይባላሉ፤ እኔ ቴይዜ እላቸዋለሁ፣ አክስት ማለት ነው። ባለቤታቸው ሌሊት ዳቦ ሲጋግሩ አድረው ቀን ይተኛሉ፤ እኛን የሚለየን አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ክፍሉን ሲሰጡኝ ሕጋቸው አንድ ብቻ ነበር፦ ሰስ ዮክ፣ ድምፅ የለም። ወሩ ሲያልቅ ጸባዬን አይተው ሊፈርሙልኝ ተስማማን።

እናቴ እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ኮምቦልቻ ኢንተርኔት ቤት ገብታ በስካይፕ ትደውልልኛለች። ማንበብ ስለማትችል መጻጻፍ አይሆንልንም። ባለቤቱ ማዳመጫውን በነጠላዋ ላይ ይደፋላታል፤ እሷም ጆሮዋ ሲሸፈን እኔም የማልሰማ ስለሚመስላት ትጮኻለች። ጸሎት ስትጀምር ደግሞ ይብሳል። በእኔ በኩል ኢርፎን ስለምሰካ ችግር አልነበረም።

አንድ እሑድ ግን ኢርፎኑን ሰክቼ ሳለ «የአብርሃም አምላክ ሆይ!» የሚለው ድምፅ በላፕቶፑ ስፒከር ወጥቶ ክፍሉን ሞላው። ግድግዳው ወዲያ አልጋ ሲንቋቋ ሰማሁ። ዘጋሁት፤ ቴይዜ ግን በሩ ላይ ደርሰዋል።

«ያቺ ሴት ምን ሆና ነው የምትጮኸው?»

«እናቴ ናት። እየጸለየችልኝ ነው።»

«ጸሎት መልካም ነው። አላህ በቀስታ ቢሉትም ይሰማል፤ ባለቤቴ ግን መተኛት አለበት። ሁለተኛ ብሰማ ፊርማ ዮክ።»

ሳምንቱን በዚህ ጭንቀት አሳለፍኩ። ኢንተርኔት የማገኘው ቤት ውስጥ ብቻ ነው። እናቴ ደውላ ካጣችኝ ደግሞ ሞቷል ብላ ድንኳን ታስጥላለች። ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁት። የድምፁን ፕሮግራም አውጥቼ እንደገና ጫንኩት። ኢርፎኑን ስሰካ ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ቃል ያው ነው፦ ምንም አልተሰካም። እንግዲህ እሱንም ኮምፒውተሩ አላየውም አልኩ። ኢርፎኑ ተበላሽቶ እንዳይሆን ስልኬ ላይ ሞከርኩት፤ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ያኔ አንድ ነገር አየሁ። ስልኬ ላይ መሰኪያው እስከ አንገቱ ይገባል፤ ላፕቶፑ ላይ ግን ብረቱ በጥቂቱ ውጭ ይቀራል። ከውስጥ የሚገፋው ነገር አለ ማለት ነው። ላፕቶፑን አጥፍቼ፣ ባትሪውን አውጥቼ፣ በስልኬ መብራት ቀዳዳውን አየሁ። በስቴኪኒ ጫፍ ቀስ ብዬ ስቤ ያወጣሁት ቀይ የሹራብ ክር ነው፤ ተጠቅጥቆ እንደ ቡሽ ጠጥሯል።

ጥፋቱ የሹራቡ አይደለም። እናቴ ያለበሰችውን ማውለቅ ስለከበደኝ፣ ክዳኑን ብቻ አውጥቼ ታችኛውን ክፍል ሹራቡ ውስጥ እየተውኩ፣ በክሩ መሃል ቀዳዳ እየፈለግሁ ኢርፎኑን በሹራቡ ላይ እሰካ ነበር። በሰካሁ ቁጥር ብናኙን ወደ ውስጥ እጠቀጥቃለሁ። መሰኪያው እስከ መጨረሻው ካልገባ ላፕቶፑ እንደተሰካ አያውቅም፤ ነገሩ ይኸው ነው። እናንተም እንዲህ ቢገጥማችሁ ፕሮግራሙን ከመነካካታችሁ በፊት ቀዳዳውን እዩ።

እሑድ እናቴ ደወለች። ድምፅዋ ጆሮዬ ውስጥ ብቻ ሆነ። ከግድግዳው ወዲያ ማንኮራፋት ይሰማል።

«ዕቃው ልብሱን ለብሷል?» አለች።

ሹራቡ አልጋዬ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። «ለብሷል» አልኩ በሹክሹክታ።

ጸለየች። ለትምህርቴ፣ ለእግሬ መንገድ፣ ለቴይዜ ልብ፣ ማዶ ለተኙት ዳቦ ጋጋሪ ሳይቀር ጸለየች። ከዚያ አሜኔን ጠበቀች። በእኛ ቤት አሜን በሆድ አይባልም። እኔም አሜን አልኩ፤ ግን ለራሴም አልተሰማኝ።

«አልሰማሁህም። አመመህ እንዴ?»

«ደህና ነኝ እማዬ። እዚህ ሰው ተኝቷል።»

ቀጥሎ ድምፅዋ ከማይኩ ራቅ ብሎ መጣ፤ ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ወዳሉት ዞራ ነው። «እባካችሁ የእናት ልጆች፣ ልጄ ያለበት ቤት አሜን አይባልም። እናንተ በሉለት።»

ወንበሮች ሲንሸራተቱ ተሰማኝ። ከዚያ አንድ ጎርናና የወንድ ድምፅ፣ ሴቶች፣ ከሩቅ አንድ ሽማግሌ፤ አሜን ያሉም አሚን ያሉም ነበሩ። የማን ድምፅ እንደሆነ ልለይ ስሞክር መስመሩ ተቋረጠ።

ወሩ ሲያልቅ ቴይዜ ፈረሙልኝ፤ የመስኮቱ ኮምፒውተርም አየኝ። አሁን የኮንያ ነዋሪ ነኝ። ድምፄን አውጥቼ አሜን ያልኩት ግን ለመጨረሻ ጊዜ ከኮምቦልቻ በወጣሁበት ሌሊት ነው።