ከጌታሁን ጋር አንድ ኔትወርክ

ከመተማ የወጣሁት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ጌታሁን አብሮኝ ነበር፤ አብርሃ ጅራ ሰሊጥ ስናጭድ በአንድ የሠራተኛ ካምቦ ያደርን ሰው ነው። ገላባት ላይ የሱዳኑ ፖሊስ "ወዴት?" አለን።

"ለሥራ።"

"እዚህ ሥራ ቢኖር እኔ ፀሐይ ላይ ቆሜ እውል ነበር?" ብሎ አሳለፈን።

የበረሃውንና የባሕሩን አልተርክላችሁም፤ ያለፈበት ያውቀዋል፣ ያላለፈበት አያምነኝም። ብቻ ከአንድ ጄሪካን እየጠጣን ሁለታችንም በሕይወት ጀርመን ገባን።

የሚያዝያ ፀሐይ መተማ ላይ ሰውን ከጥላ እንደማያስወጣው፣ የዚህም ብርድ ከቤት አያስወጣም። ዳቦው ጥቁርና ደረቅ ነው፤ የማሽላ እንጀራችንን የሚንቅ ደገኛ ይምጣና ይቅመሰው። ፊደል የቆጠርሁት እዚህ ነው፣ በአርባ ዓመቴ፤ መጀመሪያ የእነሱን፣ ቀጥሎ የራሴን። ስለዚህ "ኮምፒውተር የተማረ ሰው ሥራ ነው" የሚለኝን አልሰማውም። የምሠራው አሮጌ ኮምፒውተር በሚፈታበት መጋዘን ነው። አለቃዬ አንዱን "ውሰደው" አለኝ፤ ወሰድሁና ቤቴ ውስጥ ሌት ተቀን የሚበራ ማስቀመጫ፣ ሰርቨር አደረግሁት።

አባቴ እዚያው መተማ በረሃ፣ ኔትወርክ በሌለበት ሽንፋ ናቸው። ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው እየሳሳ ሄዷል። እህቴ እናኑ ዘራችንን፣ መሬታችን ከማን ጋር እንደሚዋሰን ሲናገሩ በስልኳ ትቀዳቸዋለች፤ ወደ ከተማው ሸሕዲ ስትወጣ ትልክልኛለች። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል። ያ ድምፅ እንዳይጠፋብኝ ነው ይህን ሁሉ የተማርሁት።

ኮንቴይነር የሚሉት ቀላል ነገር ነው። በአንድ ማሽን ውስጥ ብዙ ክፍል ትሠራላችሁ፤ እያንዳንዱ የራሱ ግድግዳና አድራሻ አለው። ቢበላሽ አፍርሳችሁ በደቂቃ መልሳችሁ ትሠሩታላችሁ። ዕቃውን ግን ከክፍሉ ውጭ ዲስኩ ላይ አስቀምጡ፣ አለዚያ አብሮ ይፈርሳል። በአንዱ ክፍል የአባቴን ድምፅ አኖርሁ። ሌላውን ጌታሁን የሠርግ ዘፈን ለሚያሰማበት የኢንተርኔት ገጽ ለመነኝ፤ ሰጠሁት።

አከራዬ አሮጊት ናቸው። አንድ ቀን ገብተው "ይህ ክፍል ለምን ይሞቃል?" አሉ።

"በማሽኑ ነው።"

"ምን ይሠራል?"

"የአባቴን ድምፅ ያስቀምጣል።"

"አባትህ ስልክ የለውም?"

"አላቸው። ኔትወርክ ነው የሌለው።"

ትንሽ አሰቡና "ሉፍተን" አሉኝ፤ መስኮት ክፈት ማለታቸው ነው። ሞቼም ቢያገኙኝ የሚሉት ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በአንድ ኔትወርክ ያሉ ክፍሎች እርስ በርስ ይጠራራሉ፤ ኔትወርካቸው ከተለያየ አይተያዩም። እኔ የሁለታችንን አንድ ላይ አደረግሁት። ካምቦ ውስጥ የከረጢቱን አፍ የሚቋጥር የለም። የቋጠረ ሰው አጠገቡ የተኛውን ሌባ ብሎታል፤ በማግስቱ አብሮት የሚያጭድ አያገኝም። ከጌታሁን ምኔን ልቋጥር? እንዲያውም አባቱን በልጅነቱ ያጣ ሰው ነውና፣ ማታ ማታ የአባቴን ድምፅ ከራሱ ገጽ እየከፈተ ይሰማ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የገባ የወጣውን የሚጽፈውን የማሽኑን መዝገብ ስከፍት የማላውቀው አድራሻ በጌታሁን ገጽ ገብቷል። በውስጥ በኩል አልፎ የአባቴን በር የይለፍ ቃል እየቀያየረ ይሞክራል። ገመዱን ነቀልሁ። ቅጂዎቹን አንድ በአንድ ቆጠርሁ፤ አልጎደሉም። ከዚያ የጌታሁንን ክፍል አፍርሼ እንደገና ሠራሁና ለብቻው ኔትወርክ ሰጠሁት። የአባቴን በሌላ ኔትወርክ አድርጌ አንድ በር ብቻ ተውሁለት። ከጌታሁን ክፍል ሆኜ ብጠራ መልስ የለም። ሥራው ጥሩ ነው፤ አለቃዬም አይቶ እንከን አላገኘበትም።

ጌታሁን ደወለ። "የአባትህ ድምፅ አልከፈት አለኝ።"

"ሌባ ገብቶ ነበር፣ በአንተ በኩል። የይለፍ ቃልህ የገዛ ስምህ ነው።"

"ታዲያ የማን ስም ላድርግ?"

"በል ተወው። ለይቼዋለሁ።"

"ቋጠርህብኝ?"

"ከሌባው ነው የቋጠርሁት።"

"አጠገብህ የተኛሁት እኔ ነኝ፣ ማሩ" አለና ዘጋ።

ለእሱ ብቻ የሚሆን ቁልፍ ሠርቼ ላክሁለት። መዝገቡን በየቀኑ አያለሁ፤ አንድም ጊዜ አልገባበትም። ትክክል ነኝ፤ ዛሬም መልሼ አልቀላቅለውም።

እሑድ እናኑ ሸሕዲ ለሕክምና ይዛቸው ወጥታ ስለነበር አባቴን በስልክ አገኘኋቸው። "እንዴት ዋሉ አባዬ?" አልሁ።

"ደህና። ያልሁት ሁሉ አለ?"

"አንድም አልጠፋም።"

"ጌታሁንስ ይሰማዋል?"

ማታ ማታ እንደሚሰማ ቀድሞ ነግሬያቸው ነበር፤ መዝገቡን ከፈትሁ፣ ዛሬም አልገባም።

"የእሱን አባት አውቀዋለሁ። ሽንፋ ላይ አብረን ጫካ መንጥረናል። እንዴት እንደሞተ የነገረው ያለ አይመስለኝም።" ድምፃቸው ሹክሹክታ ሆኗል። "ከአንተ ጋር ነው አይደል? ድምፄ ሳለ አሁኑኑ ጥራው።"

"ይጠብቁኝ" አልሁና በሁለተኛው ስልኬ ደወልሁለት። በአንዱ ጆሮዬ አባቴ ይተነፍሳሉ፣ በሌላው የጌታሁን ስልክ ይጠራል።