ራእይ ያልነበረው ምስክርነቴ

ወሬ መፍጠር የጀመርኩት ፊደል ሳልቆጥር ነው። ከጂንካ ወጣ ብሎ ባለው ማሳችን እናቴ እንሰት ስትፍቅ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ስለ ሌባ ጦጣዎች እቀባጥር ነበር። «ይቺ ልጅ አፏ ሥራ አይፈታም» ትላለች፤ ዝም በይ ብላኝ ግን አታውቅም።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ፣ አባቴ በሞተ በዓመቱ፣ የመሬት ምዝገባ መጣ። ሕጉ ባሏ የሞተባት ሴት የመሬት ይዞታ ደብተሩን በራሷ ስም ታውጣ ይላል። አጎቴ ደግሞ «የወንድሜ መሬት ነው፣ በእኔ ስም ይሁን» አለ። የቀበሌው ሊቀመንበር የአጎቴ ወዳጅ ነበር። ይባስ ብሎ የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ እሱው ነው። አንድ እሑድ መድረክ ላይ ወጣና «የሴት ራስ ወንድ ነው። ሥልጣንም ከእግዚአብሔር ነው። የቀበሌን ውሳኔ የሚቃወም ማንን እንደሚቃወም ይወቅ» ብሎ ሰበከ። ጉባኤው አሜን አለ። እናቴም አብራ አሜን ስትል በንዴት ጨስኩ። ሳምንቱን ሙሉ ስለ ደብተሩ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ መሬቱን በልቧ እንደለቀቀችው ገባኝ።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን በምስክርነት ሰዓት እጁን ያነሳ ሁሉ ይናገራል፤ ከበሽታ የዳነ፣ ፈተና ያለፈ፣ ሕልም ያየ። በሚቀጥለው እሑድ እጄን አነሳሁ። ማይኩን ስይዝ ልቤ እየጨፈረ ነበር። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«አንዲት ሴት ሞታ ሰማይ ደጃፍ ደረሰች» ብዬ ጀመርኩ። መልአኩ መዝገቡን ገልጦ ስሟን ጠየቃት። የእገሌ ሚስት ነኝ አለች። እንዲህ የሚባል ሰው የለም አላት። የእገሌ እናት፣ የእገሌ ምራት እያለች ስትዘረዝር የመልአኩ ምሳ ሰዓት አለፈ። እዚህ ላይ ሰው ሳቀ። በራሷ ስም የሚጠራት ስለጠፋ ረስታዋለች ለካ። በመጨረሻ፣ ልጅ ሳለች ወንዝ ዳር ጓደኞቿ ሲጠሯት ትዝ አላትና ስሟን ተናገረች። በሩ ተከፈተ።

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አንዷ ተንበርክካ አለቀሰች። ከኋላ «ራእይ ነው፣ ጌታ ተናገረ» የሚል ድምፅ መጣ። ያኔ ነው ጥፋቴ የታወቀኝ፤ ስጀምር ተረት ነው አላልኩም። በምስክርነት ሰዓት የተነገረን ነገር ደግሞ ማን ፈጠራ ነው ብሎ ይጠረጥራል?

ሽማግሌው ላቡን እየጠረገ ተነሳ። «ልጄ፣ ይህን ያሳየሽ ጌታ ነው ወይስ አንቺ ነሽ የፈጠርሽው?» አለኝ።

ጌታ ነው ብል ሰውየው አለቀለት፤ እናቴም ደብተሯን በእልልታ ትወስዳለች። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በጌታ ስም ሰው መግዛትን ከሱ ተምሬ እኔም ልሠራበት ነው? ደግሞም ታሪኩ የኔ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ውኃ ስቀዳ፣ እንጨት ስለቅም ያቀናበርኩት እኔ ነኝ። ለማንም አሳልፌ ልሰጠው አልፈለግሁም።

«እኔ ነኝ የፈጠርኩት» አልኩ።

ወዲያው ሦስት ወር ከመዘምራን ታገድኩ። እሱስ ግድ አልነበረኝም፤ የእናቴን ጉዳይ በገዛ እጄ የቀበርኩት መስሎኝ ግን አንጀቴ አረረ።

ሰኞ ጠዋት እናቴ የክት ልብሷን ለብሳ «ተነሺ» አለችኝ። ቀበሌው ግቢ ከወረዳ የመጣው መዝጋቢ ጠረጴዛ ዘርግቷል። ሊቀመንበሩ ጎኑ ተቀምጧል፣ አጎቴም እዚያው ቆሟል።

«እኅቴ፣ ጸልየሽበታል?» አላት ሊቀመንበሩ።

«ጸሎት ጨርሻለሁ። አሁን ጻፍ» አለች ወደ መዝጋቢው ዞራ። በእናቴ አማርኛ ውስጥ አንቱታ የሚባል ነገር የለም። ስሟን እስከ አያቷ ድረስ ተናገረች። መዝጋቢው ጻፈ፤ እሷም አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ አተመች። ልጮኽ ምንም አልቀረኝም።

ስንመለስ «ፈጠርኩት ብዬ ያበላሸሁብሽ መስሎኝ ነበር» አልኳት።

በቤት ቋንቋችን በአሪኛ መለሰችልኝ። «ከጌታ ነው ብትዪ ኖሮ ሽማግሌዎች እስኪመረምሩት እጠብቅ ነበር፤ ራእይ መመርመር የእነሱ ሥራ ነው። አንቺ ቁጭ ብለሽ ያሰብሽው ከሆነ ግን፣ እኔንስ ማሰብ ማን ከለከለኝ አልኩ።»