ዘውዱ በግብፅ ሐውልቶች መካከል

ዘውዱ ካናዳ፣ ካልጋሪ አየር ማረፊያ ወለል ሲጠርግ ስድስት ዓመት ሆነው። ሩሲያ፣ ሌኒንግራድ ኤሌክትሪክ ተምሮ በማዕረግ የተመረቀ ሰው ነው። ዲፕሎማው ከአገር ሲወጣ ጠፋ፤ የተረፈው አንድ ፎቶግራፍ ነው። በፈረንጆቹ 1995 አንድ የማሽን ጥገና ድርጅት ሊቀጥረው ፈለገና፣ «መማርህን የሚመሰክሩ ሁለት የተከበሩ ሰዎች እስከ ዓርብ ይፈርሙልህ» አለው።

እኔንና ኪራኮስን መረጠ። እኔ ወዲያው ፈረምኩ። የደብራችን ሽማግሌ ኪራኮስ ግን ማርልቦሮ ሰፈር ካለው ቤቱ አስቀምጦን ፎቶውን አገላብጦ መረመረ። ዘውዱ የሰው ፊትና የአንበሳ ገላ ባላቸው ሁለት ግዙፍ የድንጋይ ሐውልቶች መካከል ቆሟል።

«ይሄማ ግብፅ ነው» አለ ኪራኮስ።

«ሐውልቶቹ የግብፅ ናቸው፣ ጋሼ። ከተማው ግን ሌኒንግራድ ነው። ድሮ ገዝተው በመርከብ አምጥተው ወንዝ ዳር አቆሟቸው።»

«ወንዙም ዓባይ ነው!»

«ኔቫ ነው፣ ጋሼ። ከማዶ የቤተ ክርስቲያን ወርቅ ጉልላት ይታይዎታል?»

«ግብፅ ቤተ ክርስቲያን የለም? ጳጳስ ከየት ነበር የሚመጣልን? በረዶውስ የታለ?»

«ሐምሌ ነበር፤ እዚያ በጋ ነው።»

«በሐሰት ፈርሜ ነፍሴን አልሸጥም።»

ዘውዱ ፎቶውን ኪሱ ከቶ ወደ ጥረጋ ሺፍቱ ሄደ። የተቃጠልኩት እኔ ነኝ።

በአርባ ዓመቴ ብቻዬን ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ እንግሊዝኛውንም በመዝገበ ቃላት ነው የምገፋው። ሦስት ቀን ቤተ መጻሕፍት ተመላለስኩ። ሐሙስ አንድ መጽሐፍ ውስጥ አገኘሁት፦ እነዚያው ሐውልቶች፣ ያው ወንዝ፣ ያው ጉልላት። ፎቶውን ከዘውዱ ተቀብዬ፣ መጽሐፉን ታቅፌ በአውቶቡስ ኪራኮስ ዘንድ ሄድኩ። ከሥዕሉ ሥር ያለውን አስነበበኝ።

«ሴንት ፒተርስበርግ ነው የሚለው። ልጁ ሌኒንግራድ አላለም?» አለ።

«የከተማዋን ስም ለወጡ እንጂ ሐውልቶቹን አላነሱም! ስም መለወጥ ለእኛ ብርቅ ነው? ስለ እግዜር፣ አንተ ሰውዬ!»

ፎቶውንና ሥዕሉን ጎን ለጎን አድርጎ በጣቱ ሲከተል ሻዬ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ መነጽሩን ጠርጎ ፈረመ።

ዘውዱ በማግስቱ ወረቀቱን አስገባ፤ በሁለት ሳምንቱ መጥረጊያውን አስረከበ። ያን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኪራኮስ ወጣቶቹን ሰብስቦ፣ «መስኮብ፣ ሩሲያ ማለቴ ነው፣ የግብፅን ሐውልት ወንዝ ዳር አቁሞታል። እናንተ እኮ አታነቡም! ለዘውዱ ያጣራሁለት እኔ ነኝ» ሲል ደረስኩ። አይቶኝም ድምፁን አልቀነሰም።