በር ላይ ያሉት ሰው

የባዮሎጂ አስተማሪዋ ኢክላስ በምትሠራበት፣ ዓለም ባንክ ሰፈር ባለው ትምህርት ቤት፣ የዘበኛውን ስም የሚያውቅ የለም፤ ትልቁም ትንሹም «ጋሼ» ይላቸዋል። አናት የሚበሳ ፀሐይ ቢወጣም የወታደር ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ይቆልፋሉ። በሩ ሥር ባለችው የቆርቆሮ ቤታቸው መስኮት ላይ አንዲት ብርጭቆ ተደፍታለች፤ ሁለተኛ ታይቶ አይታወቅም። ለፋሲካም ለኢድም ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲገባ እሳቸው እዚያው ናቸው፤ የትኛው በዓላቸው እንደሆነ የጠየቃቸው የለም።

ዛሬ ኢክላስ የሕዋስን ክፍሎች ስታስረዳ በተከፈተው መስኮት ወደ እሳቸው ጠቆመች።

«የሕዋስ ሽፋን ማለት እንደ ጋሼ ነው፤ የሚጠቅመውን ያስገባል፣ የማይፈለገውን ይመልሳል።»

ልጆቹ ሳቁ። እሳቸው ቀና እንኳ አላሉም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስትወጣ ግን መቀርቀሪያውን እንደያዙ አስቆሟት።

«ቲቸር፣ ያ ሽፋን ያልሽው ነገር... እሱ ራሱ ከውስጥ ነው የሚቆጠረው ከውጭ?»

«የሕዋሱ አካል ነው» ማለት ቀላል ነበር። ግን ሦስት ዓመት በዚህ በር ስትገባ ስትወጣ እሳቸው ራሳቸው ከየት እንደሚቆጠሩ አስባ አታውቅም፤ ዓይኗ መስኮታቸው ላይ ወዳለችው ብርጭቆ ሄደ።

«ተይው ልጄ፣ ታክሲው እንዳያመልጥሽ» ብለው ከፈቱላት።

ውጭ ቆማ ስማቸውን ልትጠይቅ ዞር ስትል በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል።