ስም የወጣላቸው ማንጎዎች

ሰው ማማት አልወድም፤ ይህን አስተማሪ ግን ፈርቼው ነበር። ዘንድሮ የተቀጠረ ልጅ ነው። ሲቀላ ሰፈር ካለው ግቢዬ አንዷን ክፍል አከራየሁት። የዘጠነኛ ክፍል ልጄን የሚያስተምረው እሱ ስለሆነ፣ ጌታ ነው ያመጣልኝ ብዬ አመሰገንኩ። ልጄ ጠዋት ጠዋት ጸልዬለት ነው ደብተሩን ይዞ የሚወጣው።

ታዲያ አስተማሪው ሲመሽ ብቻውን ያወራል። "አንቺ፣ ዝም በይ! አንተ፣ ተነሥ!" ይላል፤ ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም።

"ርኩስ መንፈስ ነው። ከልጃችን ጋር አንድ ግቢ አያድርም፤ አስወጣው" አለች ሚስቴ።

"መጀመሪያ ልጸልይለት" ብዬ ገባሁ። ምን ባይ ጥሩ ነው? ከጓሮዬ የለቀመውን ማንጎ ወለሉ ላይ በረድፍ ደርድሮ በሰው ስም ይጠራዋል!

"በኢየሱስ ስም!" ብዬ እጄን ጭንቅላቱ ላይ ጫንኩ።

"ኧረ ጋሼ፣ ጤነኛ ነኝ!" አለ እየሳቀ። "የማስተምረው ክፍል በዛና የተማሪዎቹ ስም ጠፋብኝ። 'አንተ፣ ከኋላ ያለኸው' ስል ይስቁብኛል። እንደ አቀማመጣቸው ደርድሬ እያጠናሁ ነው።"

ልቤ አረፈ። አጠገቡ ቁጭ አልኩና ያስተዋውቀኝ ጀመር። ይቺ ከጨንቻ የመጣችው ጎበዟ ናት፤ ይሄ ወሬኛው ነው። መስኮቱ ጋ አንድ ባዶ ቦታ አየሁ።

"ይሄንን በላኸው እንዴ?" ብዬ ቀለድኩበት።

"አይ ጋሼ" አለ አንገቱን ደፍቶ። "እሱ የልጅዎ ቦታ ነው። ከመስቀል ወዲህ መጥቶ አያውቅም፤ እርስዎ ሥራ ያስገቡት መስሎኝ ነበር።"