ቄሳር የሆነችው ጓደኛዬ

ባለፈው እሑድ ነጠላዬን ስተኩስ እንፋሎቱ ፊቴ ላይ ወጣ፤ የእርጥብ ጥጥ ሽታ፣ ትንሽ ያረረ የሚመስል። ካውያውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን አንድ ቀን የትምህርት ቤታችንን አዳራሽ የሞላው ይኸው ሽታ ነበር። ሮማውያን የሆንበት ቀን ነው። ሁላችንም የእናቶቻችንን ነጠላ ተኩሰን፣ ትከሻችን ላይ ጥለን መጥተናል።

ትምህርት ቤቱ ካዛንቺስ ነበር። ሰፈሩ ፈርሷል፤ አሁን በዚያ ሳልፍ የማየው ሰፊ አስፋልትና አዲስ የተተከሉ ዛፎች ብቻ ነው፤ በሩ የት ጋ እንደነበር አሳዪ ብባል አላውቅም።

የታሪክ አስተማሪያችን ወጣት ሴት ነበረች። የሮምን ታሪክ ሸምድዱ አላለችንም። «ታሪኩ የሚታጠፍባቸው ቦታዎች አሉ፤ እነሱን በድራማ ትሠሩልኛላችሁ» አለች። ሮማውያን ንጉሣቸውን ያባረሩበት፣ ሃኒባል ሮምን ሊወጋ ዝሆኖቹን እየነዳ ተራራውን ያቋረጠበት፣ ቄሳር ሠራዊቱን ይዞ የሩቢኮንን ወንዝ የተሻገረበት፣ ኋላም በሸንጎው መሃል የተገደለበት፣ በመጨረሻ ደግሞ የምዕራቡ ሮም ዙፋን ከአንድ ልጅ ላይ የተወሰደበት።

«ቄሳርን ማን ይሠራል?» ስትል አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ እጇን አወጣች።

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያት። ጓደኛዬ ትንተባተብ ነበር። ዓመቱን ሙሉ እጇን አውጥታ አታውቅም፤ ስሟ ሲጠራ «አቤት» የምልላት እንኳ እኔ ነበርኩ። ከኋላ አንድ ልጅ፣ «በቃ፣ ይሄ ድራማ እስከ ፋሲካ አያልቅም» አለ። ሁሉም ሳቀ። አስተማሪዋ አልተቆጣችም። ጠመኔዋን አንስታ ሰሌዳው ላይ ከቄሳር ጎን የጓደኛዬን ስም ጻፈች።

«ምን ነካሽ?» አልኳት ስንወጣ።

«ሌሎቹ እ... እየሮጡ ነው የሚያወሩት» አለችኝ። «ቄሳር ግን ወንዙ ጋ ሲደርስ ቆሞ ያስባል። ቆ... ቆሞ ማሰብ እኔም እችላለሁ።»

እውነቷን ነበር። የጦር አዛዥ ሠራዊቱን ይዞ ያንን ወንዝ እንዳይሻገር ሕጉ ይከለክላል። ከተሻገረ ከገዛ አገሩ ጋር ጦርነት ገጠመ ማለት ነው። ቄሳርም ዳር ላይ ቆሞ አመነታ።

አባቷ ቄራ ሥጋ ቤት ነበራቸው። በጣም ይወዷታል፤ ስለሚወዷትም አንድ ቃል እንድትጨርስ አይተዉአትም። «ው...» ስትል ውሃው ቀርቧል። ወሬውን ሲሰሙ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ።

«የኔ እመቤት፣ ልጄን ሰው እንዲስቅባት አልፈልግም። ሌላ ልጅ ይተካልኝ» አሏት አስተማሪዋን።

«እሷን ይጠይቋት» አለቻቸው።

ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እ... እኔ...» ስትል፣ «ይቅርብኝ ልትይ ነው አይደል፣ የኔ ልጅ?» አሏት። እሷ እንባዋ እየወረደ ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች። አባቷ ትንሽ አይተዋት ወጥተው ሄዱ።

በድራማው ቀን አዳራሹ በወላጅ ተሞላ። አባቷ ከሥራ በቀጥታ ስለመጡ ቦቲ ጫማቸውን እንዳደረጉ ከኋላ ተቀምጠዋል። ወንዙ ወለሉ ላይ የተዘረጋ ሰማያዊ ሸራ ነው። እኔ ወታደር ሆኜ፣ የመጥረጊያ እንጨት ይዤ ከኋላዋ ቆሜያለሁ።

«እስከዚህ ድረስ መመለስ ይቻል ነበር» አለች ጥርት አድርጋ። «ከዚህ ወዲያ ግን መ... መ...»

ተያዘች። የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ ሲንቋቋ ይሰማል። አንድ ሰው አፍኖ ሳቀ። ቀና ስል አባቷ ተነሥተው ቆመዋል፤ አፋቸው ተከፍቷል። ቃሉን ያውቁታል፣ ቤት ውስጥ ስትለማመድ ሰንብታለች። ሊሉላት ነው ብዬ የመጥረጊያውን እንጨት ጨበጥኩ። እሳቸው ግን አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙና ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ጓደኛዬ ዓይኗን ጨፍና ተነፈሰች።

«መመለስ የለም» አለችና ሸራውን ተሻገረች። እኛም ተከተልናት።

ሲያልቅ እስከ መስቀል አደባባይ ሸኘኋቸው። ፀሐይ እያዘቀዘቀች፣ የታክሲ ረዳቶች እየጮሁ፣ ሯጮች ሽቅብ ቁልቁል እያሉ፣ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ጓደኛዬ የቀረውን የሮም ታሪክ ለአባቷ ትነግራቸው ጀመር። አባቷ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ቤታቸውም ሥጋ ቤታቸውም የሰው ሆኗል። ሳስታውሳቸው ግን የሚመጡልኝ እዚያ ደረጃ ላይ እንደተቀመጡ ነው።

«የመጨረሻውን ንጉሥ፣ ያንን ልጅ፣ ገደሉት?» ብለው ጠየቋት።

መልሱ ጊዜ ወሰደባት። እሳቸውም ጠበቁ።

«አል... አልገደሉትም። አዘኑለትና ከዘመዶቹ ጋር እንዲኖር ላኩት።»

«ደግ አደረጉ» አሉ። ቀጥለውም፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» አሏት።

ከዚያ ወዲያ የተማርነው አልነበረም፤ ምዕራፉ እዚያ ጋ ያበቃል። ጓደኛዬ ወደ እኔ አይታ ፈገግ አለችና ስለ ክፍላችን ልጆች፣ ስለ ሂሳብ ፈተናው፣ ስለምትፈልገው ጫማ ታወራላቸው ጀመር። አባቷ ጉንጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ያዳምጡ ነበር። ወደ ቄራ የሚሄደው ታክሲ መጣ፣ ሞላ፣ ሄደ። አልተነሡም።